ለደን ጉብኝት ቀላሉ መነጽር ይሻላል ወይስ ጥራት ያለው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ አስጎብኚ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። በጅማ ከተማ የምኖር አስጎብኚ ነኝ። እንግዶቼ አብዛኞቹ ወፍ ለማየት የሚመጡ ስለሆኑ ውሎዬ በለጠ ጌራ ደን ወይም ቦዬ ረግረግ ነው። እስካሁን የምጠቀምበት ባይኖኩላር (ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር) አሮጌ 10×50 ሲሆን ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ማልደን ገብተን ከሰዓት በኋላ እስክንወጣ ድረስ አንገቴና ትከሻዬ ይዝላል፤ ከምሳ በኋላማ መነጽሩን ወደ ዓይኔ ማንሳት ያታክተኛል።

አዲስ ልገዛ ነው፤ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ግን ለአንድ ብቻ የሚበቃ ነው። ያገኘኋቸው ሦስት ናቸው፦ ኪስ ውስጥ የሚገባ 8×25፣ 300 ግራም ያህል፤ ሌንሱ ጥሩ ነው የተባለ 8×42፣ 650 ግራም ገደማ፤ እና ከሁለተኛው በክብደት ብዙም የማይለይ 10×42። ልቤ ወደ ትንሹ ያደላል። ክብደት ለመቀነስ ስል ከጥራቱ ምን ያህል ብተው ሥራዬ አይጎዳም? የዓይን መነጽር እንደማደርግም እወቁልኝ።

መልስ፦ የወፍ አስጎብኚ፣ ጅማ

እህቴ፣ እኔም የምሠራው በዚያው ደን ነው። 8×25ን ተዪው።

የደን ወፍ በደንብ የሚንቀሳቀሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ነው። በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ፀሐይ ወጥታ እንኳ ከዋንዛውና ከብርብራው ሥር፣ በቡናው መካከል፣ ገና ድንግዝግዝ ነው። ፍሬ የያዘ ዋርካ ላይ ግንባረ ቢጫው በቀቀን ሲያርፍ አስቢው። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ወፍ ነው፤ እንግዳው ባሕር ተሻግሮ የመጣው እሱን ብሎ ነው። ሰውነቱ አረንጓዴ፣ የተቀመጠበት ቅጠል አረንጓዴ። በደካማ መነጽር የሚታየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። በጥሩው ግን ግንባሩ ላይ ያለው ቢጫ፣ ፍሬውን በእግሩ ይዞ ሲልጠው ሳይቀር ይታያል። አስጎብኚ ቀድሞ አይቶ ማሳየት አለበት፤ አንቺ ካልለየሽው እንግዳው ምኑን ይለየዋል?

10×42 ለቦዬ ጥሩ ነው፤ ባለ ዘውዱን የክሬን ወፍ ከማዶ ያቀርብልሻል። ደን ውስጥ ግን እይታው ይጠብባል። በ1000 ሜትር ርቀት 8×42 የሆነ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ 130 ሜትር ያህል ስፋት ሲያሳይ 10×42ው 110 ሜትር አካባቢ ነው። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘልን ወፍ ለመያዝ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር

ጠያቂዋ ውሳኔውን ራስዎ እንዲያሰሉት ቁጥሮቹን ላብራራ። የመጀመሪያው ቁጥር ምን ያህል እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ ወደ ዓይንዎ የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ። ለ8×42 ከ5 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ለ10×42 4.2፤ ለ8×25 ደግሞ 3.1 ነው።

የዓይናችን ብሌን በቀትር ብርሃን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይከፈታል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ትንሹም ትልቁም እኩል ብሩህ ሆነው ይታያሉ፤ ሱቅ ውስጥ ሰው የሚሸወደውም በዚህ ነው። በንጋት ደን ውስጥ ብሌናችን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ 8×42ው ብሌኑን ይሞላዋል፤ 8×25ው ግን የሚሰጠው ብርሃን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። በእጅዎ ያለው 10×50 የሚሰጠው ክብ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 8×42 ቢዞሩ በብርሃን በኩል የሚያጡት የለም፤ በክብደት ግን 300 ግራም ያህል ይቀንስልዎታል።

ሌላው የሌንሱ ቅብ ነው። ቅብ የሌለው የመስታወት ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። ብርሃኑ እንደዚህ ያሉ አሥር ገጾችን ቢያልፍ አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ቅብ በጀርመኑ የሌንስ አምራች ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 ከፈጠረ ወዲህ ይህ ችግር ተቃልሏል። ሁሉም ገጾች በብዙ ድርብ የተቀቡ ከሆኑ የሚባክነው ከመቶ ጥቂት እጅ ነው። ቅቡ ደግሞ ክብደት የለውም። ጥራት ሁልጊዜ በግራም አይከፈልም ማለቴ ነው።

መልስ፦ የቀድሞ የአደን መንገድ መሪ፣ ባሌ

ልጄ፣ ፈቃድ ይዘው የደጋ አጋዘን ለሚያድኑ ሰዎች መንገድ መሪ ሆኜ ኖሬአለሁ። የአንቺ ጥያቄ በእኛም ሥራ ሁሌ የሚነሳ ነው። ብዙ አዳኝ ትልቁንና ከባዱን መነጽር ጠመንጃው ላይ ይገጥማል። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ከአፈሙዙ በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጠመንጃው ከላይ በኩል ይከብዳል፤ ተኳሹም ጉንጩን ከሰደፉ አላቅቆ ነው የሚያልመው። በጠመንጃው መነጽር የሚታየው ግን ለአፍታ ብቻ ነው። እንስሳውን ከተራራ ተራራ የሚፈልገው፣ ወንድ መሆኑን የሚለየው፣ ቀንዱን የሚመዝነው አንገት ላይ ያለው መነጽር ነው። ሥራውን የሚያውቁት ለጠመንጃው ቀለል ያለ ባለ 36 ወይም ባለ 42 ሚሊ ሜትር አድርገው የተረፈውን ገንዘብ ለአንገታቸው መነጽር ያውሉታል።

አንቺ ጠመንጃ የለሽም፤ መነጽሩ ብቻ ነው መሣሪያሽ። ቀኑን ሙሉ ዓይንሽ የሚኖርበት ነገር ላይ አትቆጥቢ። የእኛ ተራራ ገላጣ ስለሆነ 10 እንመርጣለን፤ ለጅማ ደን ግን 8 ይበቃል። ትከሻ ከዛለ በኋላ 10 የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል። ደግሞ በጣም ቀላል መነጽርም እጅ ላይ አይረጋም፤ ጥቂት ክብደት እጅን ያሰክናል።

መልስ፦ ወፍ ተመልካች፣ አዲስ አበባ

የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ አማራጭ ግን ተዘሏል። 8×32 አለ፤ 500 ግራም ገደማ ነው፣ የሚሰጠው የብርሃን ክብም 4 ሚሊ ሜትር። በንጋት ከ8×42 ትንሽ ቢጨልም የጥሩ ፋብሪካ 8×32 ከርካሽ 8×42 የጠራ ምስል ይሰጣል። እኔ ቀኑን ሙሉ ስሄድ የምይዘው እሱን ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጠመንጃው ነገር ጥያቄዬን በደንብ አቅንቶልኛል። 8×25ን ትቼዋለሁ። 8×32ን ካገኘሁ ከ8×42 ጋር አስተያያለሁ። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጥሩ መስሎ ከታየ ግን በምን ልለይ? የእኛ ክረምትስ?

መልስ፦ የካሜራና መነጽር ጠጋኝ

እህቴ፣ ከሱቁ በር ላይ ውጪና እንዲህ አድርጊ። መነጽሩን ክንድሽን ዘርግተሽ ወደ ሰማይ አቅጣጫ ያዢው፤ ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም። በዓይን ሌንሱ ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ታያለሽ። ክቡ ድፍንና ንጹሕ ከሆነ ፕሪዝሙ፣ ማለትም በውስጡ ብርሃኑን የሚያዞረው መስታወት፣ ደህና ነው። ጠርዞቹ ግራጫ ሆነው አራት ማዕዘን የሚመስል ከሆነ ፕሪዝሙ ከርካሽ መስታወት ስለተሠራ ብርሃን ይቆርጣል። ቀጥለሽ ነጭ ሰማይ ላይ የተዘረጋ የመብራት ሽቦ እዪ። በሽቦው ጠርዝ ወፍራም ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ መስመር ካለ የበቀቀንሽም ቀለም በዚያው ልክ ይበላሻል። የፊት ሌንሱ እንደ ሩቢ ቀይ የሚያብለጨልጨውን አትንኪው፤ ቀዩን ብርሃን መልሶ የምስሉን ቀለም ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያደላ ያደርገዋል። ባለሱቁ ከፈቀደልሽ አመሻሽ ላይ ተመልሰሽ ሁለቱን ጎን ለጎን እዪባቸው፤ የሚለየው ያኔ ነው።

የዓይን መነጽርሽን እንዳደረግሽ ሞክሪው። በዓይን በኩል ያለው ጎማ ወደ ውስጥ ገብቶ የእይታውን ሙሉ ክብ ማየት አለብሽ። ወረቀቱ ላይ ዓይን ከሌንሱ የሚርቅበት ልክ 16 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ካለ ይመችሻል። ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ይህ ነው።

ለጅማ ዝናብ ውኃ የማያስገባና ውስጡ ጉም እንዳይዝ ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ ይሁን። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚበላሹት በመውደቅ ሳይሆን በሻጋታ ነው። እርጥብ መነጽር በቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ያድራል፤ ሻጋታው ቅቡን አንዴ ከበላው አይመለስም። ማታ ክፍት ቦታ አድርቂው፤ ከዚያ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚመጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው። አቧራውን እፍ ሳትዪ በነጠላ አትጥረጊ።

መልስ፦ የወፍ አስጎብኚ፣ ጅማ

የአንገት ማንጠልጠያውን ከነጭራሹ ጣዪው። በሁለቱ ትከሻ አልፎ ጀርባ ላይ የሚጣመረውን ማሰሪያ ግዢ። ክብደቱ ከአንገትሽ ወርዶ ትከሻሽ ላይ ይከፋፈላል፤ ስታጎነብሺም መነጽሩ አይወዛወዝም። 650 ግራም በዚያ ማሰሪያ ቀኑን ሙሉ ይያዛል። ካጣሽ ከሰፊ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ቦርሳ ሰፊዎች ይሠሩልሻል፤ የእኔም እንዲሁ የተሰፋ ነው። ለመለካት ከፈለግሽ ማክሰኞ ሂርማታ ገበያ እገኛለሁ፤ ይዤልሽ እመጣለሁ።