የፕራደር-ዊሊን ሁለት ገጽታ ማስታረቅ አቅቶኛል

ስለ ጂኖም ኢምፕሪንቲንግ (አንድ ጂን የሚሠራው ወይም ዝም የሚለው ከእናት ወይም ከአባት በመምጣቱ የሚወሰንበት ክስተት) የሴሚናር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቄ ስለቀረሁ፣ በዘርፉ የምትሠሩ ባለሙያዎች እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በአይጦች ላይ ከአባት የመጣው፣ የፅንስ እድገትን የሚያፋጥነው የአይጂኤፍ2 ጂን ሲበላሽ ግልገሉ ከመደበኛው ክብደት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ይወለዳል፤ ከእናት የመጣው ሲበላሽ ግን እድገቱ አይጓደልም። ይህ የአባት ጂኖች ፅንሱ ከእናቱ ብዙ እንዲወስድ ይገፋፋሉ፣ የእናት ጂኖች ደግሞ ይገታሉ ከሚለው ንድፈ ሐሳብ ጋር ይስማማል።

ያስቸገረኝ ፕራደር-ዊሊ የተባለው የዘረመል ሕመም ነው። በክሮሞሶም 15 ላይ ከአባት ወገን ብቻ የሚሠሩት ጂኖች ሲጠፉ ሕፃኑ ጡንቻው ዝሎ፣ ጡት መጥባት ተስኖት፣ አንዳንዴም በቱቦ እስከ መመገብ ይደርሳል፤ እስከዚህ ስሌቱ ይሠራል። ይኸው ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጥጋብ የማያውቅ፣ ጓዳው ካልተቆለፈ ከምግብ የማይመለስ ይሆናል። ጡት ከጣለ በኋላ የእናትየው ሸክም ስለሚለወጥ ነው የሚለውን ማብራሪያ አንብቤዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ውጤቱ ከታየ በኋላ የተለጠፈ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከእነዚሁ የክሮሞሶም 15 ጂኖች አንዱ የሆነው የስኖርድ116 መጥፋት ረሃብንና ጥጋብን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ በሃይፖታላመስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብቻውን ሁለቱንም ደረጃዎች ሊያስረዳ ይችላልን? የሚችል ከሆነስ፣ ለውጡን የሚያመጣው የትኛው የነርቭ ሕዋስ ነው?