ጥምር ቡድን የካውንቲ ዋንጫ ያንሳ ወይስ ይቅር? የኮርክና የኬሪ ጉዳይ

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ከአየርላንድ ነው። ለአዲስ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የጌሊክ ስፖርት ማኅበር (ጂኤኤ) በ1884 ተርልስ ከተማ ተመሠረተ። እስከ ዛሬ ተጫዋቹ ደመወዝ የለውም፣ ክለቡም ያደገበት አጥቢያ ክለብ ነው። ሀርሊንግ በዱላ፣ ጌሊክ እግር ኳስ በእጅም በእግርም፣ ሁለቱም 15 ለ 15። ክለቦች በካውንቲያቸው ሻምፒዮና ይፋለማሉ፤ ያሸነፈው ወደ ክፍለ ሀገሩ፣ ከዚያም ወደ መላው አየርላንድ ያልፋል። በማንስተር ክፍለ ሀገር ያሉት የኮርክና የኬሪ ካውንቲዎች ግን "ዲቪዥን" የሚሉት ነገር አላቸው፦ በላይኛው እርከን የማይጫወቱ የአንድ አካባቢ ክለቦች ጎበዝ ጎበዞቻቸውን አዋጥተው የሚያሰልፉት ጥምር ቡድን። ይህ ጥምር የካውንቲውን ዋንጫ መውሰዱ ተገቢ ነው ወይ? ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ የለም።

ኮርኬው፦ አይገባውም። 2024ን ብቻ እዩ። በኮርክ የሀርሊንግ ፍጻሜ የምሥራቅ ኮርኩ ጥምር ኢሞኪሊ፣ ሳርስፊልድስ የተባለውን ክለብ አሸንፎ ዋንጫ አነሳ። ዲቪዥን ግን በደንቡ ክለብ አይደለም፤ ወደ ማንስተር ሻምፒዮና መሄድ አይችልም። ማን ሄደ? የተሸነፈው ሳርስፊልድስ! ሄዶም ሦስት ዓመት በተከታታይ የማንስተር ሻምፒዮን የነበረውን ባሊገነርን 3-20 ለ 2-19 አሸነፈ። በጃንዋሪ 2025 ዱብሊን በሚገኘው ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ላይ ለመላው አየርላንድ ፍጻሜ ቀርቦ በዱብሊኑ ና ፊና ነው የቆመው። በሰፈሩ ሁለተኛ የወጣ ቡድን የክፍለ ሀገሩ አንደኛ! ይኼን ለአሥር ዓመት ልጅ እስቲ አስረዱት።

ጀማሪ፦ ይቅርታ፣ 3-20 ሲባል 3 ለ 20 ተሸነፈ ማለት ነው?

አወያይ፦ አይደለም። ፊተኛው ቁጥር ጎል፣ ኋለኛው ነጥብ ነው። ኳሷ ከአግዳሚው በታች ከገባች ጎል፣ ዋጋው 3። ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ካለፈች 1። ስለዚህ 3-20 ማለት 29፣ 2-19 ማለት 25 ነው። በ4 ተለያዩ።

ጀማሪ፦ አመሰግናለሁ። ዱላና ኳስ ስትሉ የኛ ገና ትዝ አለኝ።

ጋሽ ሩር፦ ስሜንም ያወጣሁት ከዚያው ነው። የነሱ ኳስ ግን ከ110 እስከ 120 ግራም የምትመዝን፣ ውስጧ ቡሽ፣ ላይዋ ቆዳ የሆነች ናት። ሜዳው ከ130 እስከ 145 ሜትር ይረዝማል። ከ2010 ጀምሮ ያለ ራስ ቁር መግባት ክልክል ነው።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ኮርኬው ልጄ፣ አንተ ከላይ ሆነህ ነው የምታየው፤ እስቲ ከታች እየው። አንድ የገጠር ክለብ ለአዋቂ ቡድን የደረሰ 22 ወይም 23 ልጅ አለው እንበል። ሁለቱ ተጎድተዋል፣ ሦስቱ ዱብሊን ይሠራሉ፣ ሁለቱ አውስትራሊያ ናቸው። 15 አሰልፎ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ቢበዛ አንድ ሰው ነው። ከዚህ ክለብ አንድ እጅግ ጎበዝ ልጅ ቢወጣ ምን ይሁን? አጥቢያውን ጥሎ ከተማ ክለብ ይግባ? ዲቪዥን የተፈጠረው ይህን ልጅ ከቤቱ ሳያስወጣ ትልቅ ሜዳ ላይ ለማሳየት ነው። የኬሪውን እግር ኳስ ተጫዋች ዴቪድ ክሊፈርድን ተመልከት። ክለቡ ፎሳ ነው፤ ኪላርኒ አጠገብ ያለች አጥቢያ። ፎሳ በጃንዋሪ 2023 የመላው አየርላንድን የጁኒየር ክለቦች ዋንጫ ወሰደ። ጁኒየር ማለት ከላይኛው ከሲኒየርና ከመካከለኛው ከኢንተርሚዲየት በታች ያለው እርከን ነው! የአገሪቱ አንደኛ እግር ኳስ ተጫዋች እዚያ ነበር። በ2022 በኬሪ ሲኒየር ሻምፒዮና የተጫወተው ኢስት ኬሪ የሚባል ጥምር ስላለ ብቻ ነው።

ኮርኬው፦ ጋሼ፣ እኔም የምለው ይኸው ነው! ኢስት ኬሪ 2019፣ 2020፣ 2022፣ 2023 ወሰደ። በአምስት ዓመት አራቴ። ክሊፈርድን የመሰለ ልጅ ከአንድ አጥቢያ፣ ሌላ ከጎረቤቱ፣ ሦስተኛ ከማዶ እየለቀምክ ቡድን ከሠራህ፣ በወላጆቹ ሜዳ ላይ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ አብሮ ያደገ 15 ልጅ እንዴት ይችልሃል? ይህ ሰብስቦ መደብደብ ነው።

ሚዛን፦ ሁለታችሁም ዲቪዥን ልጆቹን ሰብስቦ ማሰልጠን የሚችል አስመሰላችሁት። የሥራውን ቅደም ተከተል እንየው።

ክለብ ብዙውን ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ይለማመዳል፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ ይጫወታል። ለዲቪዥኑ የሚተርፈው ሰኞ ወይም ዓርብ ነው፤ ሰኞ ልጁ ድካም ላይ ነው፣ ዓርብ ደግሞ የክለቡ አሰልጣኝ "እግርህን ጠብቅ" ይለዋል። ይህ የት ላይ እንደሚያስከፍል በሀርሊንግ የመልስ ምት ላይ፣ ማለትም ከተቆጠረበት በኋላ ግብ ጠባቂው ኳሷን ከግቡ መትቶ ሲያስጀምር፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚያ የሳርስፊልድስ ጨዋታ ባሊገነር 21 ጊዜ አስቆጥሯል። ስለዚህ የሳርስፊልድስ ግብ ጠባቂ የሳቱትን ሳንቆጥር እንኳ ቢያንስ 21 ጊዜ ከግቡ መትቶ አስጀምሯል። በየ3 ደቂቃው አንዴ ማለት ነው! ግብ ጠባቂው ዱላውን ወይም እጁን በሆነ መንገድ ያነሳል። የፊት ክንፎቹ ወደ መሀል ይሰበሰባሉ፣ ተከላካዮቹን ይዘው ይመጣሉ፣ አንዱ በድንገት ወደ መስመር ይፈነጠራል። ኳሷ የምትመታው ልጁ ላለበት ሳይሆን ለሚደርስበት ቦታ ነው፣ 70 ወይም 80 ሜትር። አሁን አማካዩ ከሌላ ክለብ ነው እንበል፣ በክለቡ ያ ምልክት "መሀል ግባ" ማለት ነው። መሀል ይገባል። ኳሷ መስመር ላይ ታርፋለች። የተቃራኒ ክንፍ ተከላካይ ብቻውን ይይዛትና ከዚያው ከ65 ሜትር አግዳሚውን አሳልፎ ይመታታል። ከግብ ጠባቂው ምት እስከ ነጥቡ አሥር ሰከንድ አይሞላም። ይህን የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚያው ስድስት ሰባት ልጆች አንዱን ምልክት መቶ ጊዜ መደጋገማቸው። ዲቪዥን የሌለው ይኼን ነው።

ለዚህ ነው ከአሥር ክለብ አንዳንድ ኮከብ የለቀመ ዲቪዥን በመጀመሪያው ጥሎ ማለፍ ሲወድቅ የሚታየው። የሚሳካለት ከሦስት አራት ክለብ ተከታታይ መስመር ያመጣ ነው፤ የኋላ ሦስቱ ከአንድ ክለብ፣ አማካዮቹ ከሌላ።

ጋሽ ሩር፦ ሚዛን እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። አንድ ልጨምር፦ የክለቡ ከእርከን የመውረድ ጨዋታ በስድስት ቀን ውስጥ ካለ፣ ያ ልጅ የታፋ ጡንቻው "ይጠብቀዋል"። ሐኪም የማያውቀው ሕመም ነው።

ኮርኬው፦ ሃሃ። እሺ፣ ይህን ተቀብያለሁ። ግን ሚዛን የዘለለችው ነገር አለ። በኮርክ ከ2020 ጀምሮ ላይኛው እርከን 12 ክለብ ነው፤ ሦስት ምድብ፣ በየምድቡ አራት። እያንዳንዱ ክለብ ሦስት ከባድ ጨዋታ ተጫውቶ፣ የመውረድ ስጋት ተሸክሞ ነው ጥሎ ማለፍ የሚደርሰው። ዲቪዥኖችና የኮሌጅ ቡድኖች ግን እርስ በርስ ተጫውተው አሸናፊያቸው በቀጥታ ጥሎ ማለፉ ላይ ይቀላቀላል። ቢሸነፍ አይወርድም። የሚወርድበት ቦታ የለውማ! ሽንፈት የማያስከፍለው ቡድን ሁልጊዜ ነፃ ሆኖ ነው የሚጫወተው።

ሚዛን፦ ይህ ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ ከዋንጫው ጥያቄ ይበልጣል። በኬሪ ግን እንዲህ አይደለም። በቅርብ ዓመታት በነበረው አደረጃጀት 8 ሲኒየር ክለቦችና 8 ዲቪዥኖች፣ በድምሩ 16፣ በአራት ምድብ እኩል ይጀምራሉ። ዲቪዥኑ እንደ ክለቡ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ይጫወታል።

ጋሽ ሩር፦ የኬሪው ብልሃት ሌላም አለው። እነዚያ 8 ክለቦች ለብቻቸው የክለቦች ሻምፒዮና አላቸው። ዲቪዥን የካውንቲውን ዋንጫ ከወሰደ ማንስተር የሚሄደው የዚያ አሸናፊ ነው። በ2022 ኢስት ኬሪ ካውንቲውን ወሰደ፤ የትራሊው ኬሪንስ ኦራሂሊስ የክለቦቹን ዋንጫ ይዞ ማንስተር ሄደና የማንስተር ሻምፒዮን ሆነ። የተሸነፈ ሳይሆን ያሸነፈ ነው ኬሪን የወከለው። ኮርክም ይህን ያድርግ፣ ያንተም የአሥር ዓመት ልጅ ይገባዋል።

ኮርኬው፦ ጋሼ፣ የትኛው ቅዳሜ ላይ? እስቲ እንቁጠር። የካውንቲ ቡድኖች ፍጻሜ ከ2022 ወዲህ በጁላይ ያልቃል፤ ክለቦች የቀራቸው ኦገስት፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው፣ 13 ቅዳሜና እሁድ። ከዚያ ማንስተር ይጀመራል። ኮርክ ውስጥ ብዙ ክለብ ሁለቱንም ይጫወታል፤ ሴንት ፊንባርስ በ2021 እግር ኳሱን፣ በ2022 ሀርሊንጉን ወስዷል። እንዲህ ያለ ክለብ በሁለቱም እስከ ፍጻሜ ከሄደ ሦስት የምድብ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ፍጻሜ፤ ስድስት ጨዋታ ሲባዛ በሁለት፣ 12። ከ13 ላይ 12 ሲቀነስ አንድ ቀረ፤ እሱም ለዝናብ፣ ለሐዘን ወይም ለድጋሚ ጨዋታ ነው። የክለቦች ሻምፒዮናህን በዚያች አንዲት እሁድ አጫውተው። ኬሪ የሚችለው በዋናነት የአንድ ጨዋታ አገር ስለሆነ ነው፤ ሀርሊንጉ ያለው ሰሜኑ ላይ ነው።

አጥቢያ፦ ዘግይቼ ገባሁ። ሁላችሁም ቁስሉን ትታችሁ ፋሻውን ነው የምታዩት። የምዕራብ ገጠር ሰው እያለቀ ነው። ከኬርሲቪን እስከ ዱብሊን ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ልጁ ዓርብ ማታ ነድቶ ደርሶ እሁድ ማታ ይመለሳል። መፍትሔው ዲቪዥን አይደለም፤ ጎረቤት ክለቦች ለዘለቄታው ይዋሃዱ። በኪልኬኒ ካውንቲ ያለው የሀርሊንግ ክለብ ባሊሄል ሻምሮክስ በ1972 ጎረቤቶች ተጣምረው የመሠረቱት ነው፤ የመላው አየርላንድን ክለቦች ዋንጫ ዘጠኝ ጊዜ አንስቷል፣ ከማንም በላይ።

ሚዛን፦ ባሊሄል ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን ልጅ ባለበት ዘመን ነው የተጣመረው። ልጅ ሲያልቅ መጣመር ሌላ ሒሳብ አለው። ሁለት ክለብ ሲዋሃድ 30 የነበረው የቋሚ ቦታ 15 ይሆናል። 13ኛውና 14ኛው ልጅ፣ በሁለተኛው እሁድ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ በሦስተኛው ቀን አይመጣም። ከእሱ ጋር አባቱ ይጠፋል፤ አባቱ ደግሞ ሣሩን የሚያጭደው፣ መስመሩን በኖራ የሚያሰምረው ሰው ነበር። ከመዋሃድ በፊት የሚሞከር ነገር አለ፦ ታችኛው እርከን ላይ 13 ለ 13 መጫወት፣ በአንዳንድ ካውንቲ ተለምዷል። ከ17 ዓመት በታች ቡድኖችን ብቻ ማጣመር፤ አዋቂውን እንዳለ መተው።

አጥቢያ፦ 13 ለ 13 ለእግር ኳሱ አሁን ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2025 በገባው ደንብ ቡድኑ ቢያንስ ሦስት ሰው በተቃራኒው ግማሽ ሜዳ ላይ ማስቀረት አለበት፤ ቀሪዎቹ ሰፊ ሜዳ ይሸፍናሉ። የግብ ጠባቂው ምትም ከግቡ ፊት ከተሰመረው የ40 ሜትር ቅስት ማለፍ አለበት፤ አጭር ሰጥቶ ማረፍ ቀረ። 60 ደቂቃ እንዲህ ሲሮጥ 17 ሰው ያለው ክለብ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ይፈርሳል፣ 30 ሰው ያለው ግን አምስቱንም ቅያሪ ይጠቀማል። ስለ መዋሃዱ ግን አልተመለስኩም።

ኮርኬው፦ እኛ ስለ ዋንጫ ነበር የጀመርነው፤ አሁን ሣር አጨዳ ላይ ደረስን!

ጋሽ ሩር፦ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም፤ አንተም አትቆጣ።

ሚዛን፦ ወደ ዋንጫው እንመለስ እሺ። የኔ ሐሳብ ይኸው፦ ዲቪዥን ይቆይ፣ ዋንጫም ያንሳ። ግን ኮርክ ላይ አሸናፊው ዲቪዥን ከምድብ ይጀምር፣ እንደ ሌላው የምድብ ጨዋታ ተጫውቶ ይለፍ። ለዚህ አንዱን ምድብ አምስት ቡድን ማድረግ ይበቃል።

ኮርኬው፦ አምስት ቡድን ያለበት ምድብ አንድ ቡድን በየዙሩ ያርፋል፤ ሦስት ዙር የነበረው አምስት ይሆናል። 13ቱን ቅዳሜና እሁድ አትርሺ። የኔ ደግሞ ይኸው፦ ዲቪዥን ይጫወት፣ ግን ከግማሽ ፍጻሜ በላይ አይለፍ። ፍጻሜው የክለቦች ይሁን።

ጋሽ ሩር፦ ግማሽ ፍጻሜ ላይ አሸንፎ የሚወጣ ቡድን ለምን ብሎ ይለማመዳል? ያ ከማባረር ይከፋል።

ጀማሪ፦ አንድ ጥያቄ። ሁለቱም ፍጻሜ ተፋላሚዎች ዲቪዥን ቢሆኑስ?

አወያይ፦ ኮርክ ላይ አይሆንም፤ ከዲቪዥንና ከኮሌጅ የሚያልፈው አንድ ብቻ ስለሆነ ፍጻሜው ላይ ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ ክለብ አለ። ኬሪ ላይ ግን ሆኗል፤ በ2020 ኢስት ኬሪ ከሚድ ኬሪ። በሲኒየር ፍጻሜ አንድም ሲኒየር ክለብ አልነበረም።

ኮርኬው፦ ይህን አስቀድመህ ብትጽፈው ኖሮ ግማሹን ባልጻፍኩም ነበር።