ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ሆኖ ቴክኒክና ሙያ መማር ይቻላል ወይ?

የደሴው አጎት፦
አሰላሙ ዓለይኩም። የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ አካባቢ አንድ ሐሪማ (ሼህ ዘንድ እየታደረ ዲን የሚቀራበት ቦታ) ውስጥ ደረሳ ነው። ቁርኣን አኽትሞ (ጨርሶ) አሁን ፊቅህ (የሃይማኖቱን ሕግ) ይቀራል፣ ማለትም ይማራል። 12ኛ ክፍል ተፈትኖ 50 በመቶ አላመጣም። እናቱ ብየዳ ይማር ትላለች። ሼሁ ደግሞ "የጀመረውን ኪታብ አይቁረጥ" አሉ። እዚያው እያደረ ቀን ኮሌጅ ቢውል ያስኬዳል? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

አቡ ሰልማ፦
ወዓለይኩም ሰላም ወንድሜ። የብረታ ብረት አሠልጣኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ እኔም ሼህ ዘንድ ቀርቻለሁ። ደርሱ (ትምህርቱ) ከሱብሂ (ከንጋት ሰላት) በኋላና ማታ ከሆነ ቀኑ ክፍት ነው። ጣጣው የሚመጣው የትብብር ሥልጠና ላይ ነው፤ ድርጅት ሲላክ ሰዓቱን የሚያዘው ድርጅቱ ነው። ስለ ጁምዓ ሰላት ገና ሳይገባ ተነጋገሩ። ከገባ በኋላ "ከሥራ ጠፋ" ነው የሚባለው።

ጀለቢያውን ደግሞ ሾፕ (የተግባር መሥሪያ ክፍሉ) በር ላይ ያውልቅ! ሰፊ እጅጌ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ይገባል። ናይለን ያለበት ጨርቅማ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የጥጥ ቱታ፣ የቆዳ ጓንት፣ ያለቀ ነገር።

ደረሶችን የምወድላቸው ሌላ ነው። ሐሪማ ውስጥ ትልቁ ትንሹን ያቀራል አይደል? ሾፕም ያንኑ ይዘው ይመጣሉ። አንዱን የኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) አያያዝ ካሳየሁት ሳላዘው ጎኑ ላለው ያሳያል። ሌላው ሠልጣኝ እኮ ደብተሩን እንኳ ይደብቃል።

ሙና፦
ሱራባያ ስማር ያየሁትን ልንገራችሁ። ኢንዶኔዥያ አዳሪ መድረሳውን ፔሳንትረን ይሉታል፣ ሼሁን ኪያይ። እዚያው አገር ጆምባንግ ያለው ቴቡኢረንግ የሚባለው ፔሳንትረን እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተ ነው። ዛሬ ብዙ ፔሳንትረኖች ግቢያቸው ውስጥ ኤስኤምኬ የሚባል የ3 ዓመት የሙያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላቸው። ልጁ ቀን ሞተር ይፈታል፣ ማታ ሽርጡን አገልድሞ ኪታቡ ላይ ነው። ስልክ ግን ብዙ ቦታ ክልክል ነው፤ ኮምፒውተር የሚማረውም የሚነካው ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ሴቶቹም የራሳቸው ማደሪያ አላቸው። እኛ ጋ ስለ ሴት ልጅ የሚጠይቅ አጎት መቼ እንደሚመጣ እንጃ!

አቡ ሰልማ፦
ሙና፣ እነሱ ሾፑን ግቢ አስገቡ። እኛ ሐሪማ ውስጥ ብየዳ ማሽን ለማስገባት መጀመሪያ መብራቱ ይምጣ። እስከዚያ ልጁ ይመላለስ።

የደሴው አጎት፦
ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ሼሁን ከጁምዓ በኋላ አናግራቸዋለሁ። ሙና፣ የሱ ታናሽ እህትም አለች፤ ውስጥ መስመር እገባለሁ።