ኮስት ስታርላይት፦ ባሕሩን ለማየት ከሲያትል ወይስ ከሎስ አንጀለስ መነሳት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ በአምትራክ (የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት) ኮስት ስታርላይት ባቡር ከሲያትል ሎስ አንጀለስ ልንሄድ ነው። የምንሳፈረው ለባሕሩ ብለን ነው። በየትኛው በኩል እንቀመጥ? መኝታ ክፍል ያስፈልጋል? ባቡሩ በሚገባበት ምሽት በረራ ብንይዝስ?

መልስ 1፦
ለባሕሩ ከሆነ ገልብጡት፤ ከሎስ አንጀለስ ተነሱ። መንገዱ ከ2,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ 35 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ባሕር የሚታየው ግን በደቡቡ ጫፍ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ከሲያትል የሚመጣው 11 ቁጥር እዚያ የሚደርሰው በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ ነው። በሰዓቱ ቢመጣ እንኳ ሳንታ ባርባራ ሳይደርስ ይጨልማል። በሰዓቱ መምጣቱ ደግሞ አያስተማምንም፤ ሐዲዱ በአብዛኛው የጭነት ባቡሮች ነው፣ እነሱ እስኪያልፉ ይቆማል። 14 ቁጥር ግን ከሎስ አንጀለስ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ (በእኛ አቆጣጠር) ተነስቶ፣ መዘግየቱ ሳይጠራቀም፣ እኩለ ቀን አካባቢ ባሕሩ ጋ ይደርሳል።

መልስ 2፦
ትክክል። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ባሕሩ በግራ ነው። ከቬንቹራ በፊት ባሕር አትጠብቁ። ጋቪዮታ ላይ 101 አውራ ጎዳና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሐዲዱ ግን ባሕሩን ይዞ ፖይንት ኮንሴፕሽንን ዞሮ በቫንደንበርግ የጦር ሰፈር ውስጥ ያልፋል። ያንን በመኪና አታገኙትም። መኝታ ክፍላችሁ በቀኝ ቢወድቅ አትጨነቁ፣ መስኮተ ሰፊው የመዝናኛ ፉርጎ ለሁሉም ክፍት ነው። ወንበሩ አይያዝም፣ ቀድሞ ለተቀመጠ ነው። ከቬንቹራ በፊት ያለው ኦክስናርድ ላይ ተነስታችሁ ሂዱ፤ ሳንታ ባርባራ ላይ ከሆነማ ቆማችሁ ነው የምታዩት።

መልስ 3፦
ፎቶ ለምታነሱ፦ ሳንታ ባርባራ አካባቢ ዳርቻው ፊቱን ወደ ደቡብ ነው፣ ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ከውኃው ላይ ታንጸባርቃለች። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) እንዳትገጥሙ፤ መስኮቱ መስታወት ሳይሆን ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ፎቶው ላይ የቀስተ ደመና ዝንጉርጉር ያወጣል። ሌንሱን መስኮቱ ላይ አስጠግታችሁ ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ ሸፍኑት፤ የውስጡ መብራት ነጸብራቅ ይጠፋል።

መልስ 4፦
መኝታ ክፍል ለባሕሩ ምንም አይጨምርም፣ ለሌሊቱ ግን ጋደም ትሉበታላችሁ፤ ምግቡም ከትኬቱ ጋር ነው። በረራውን ተዉት። 14 ቁጥርም ቢሆን ሲያትል የሚገባው ማታ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሰዓት ከዘገየ አለቀ። ለማግስቱ፣ ያውም ከረፋዱ በኋላ ያለውን ያዙ።

ጠያቂ፦
14 ቁጥርን ቆረጥን፣ በረራውም ለማግስቱ 8 ሰዓት ተዛወረ። አመሰግናለሁ።