ከአኖሬክሲያ ሳገግም ክብደቴ ሆዴና ፊቴ ላይ ብቻ እየተመለሰ ነው፤ ይህ የተለመደ ነው?

አደይ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አኖሬክሲያ የሚባለው የአመጋገብ መዛባት ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ በሐኪም፣ በሥነ ምግብ ባለሙያና በሥነ ልቦና አማካሪ ክትትል ክብደቴን ቀስ በቀስ እየመለስኩ እገኛለሁ። ባለሙያዋ በየሳምንቱ ስትመዝነኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስለምቆም ቁጥሩን አላየውም፤ «በዕቅዳችን እየሄድን ነው» ከማለት በቀር የምትነግረኝ ነገር የለም።

ያስጨነቀኝ የምመለስበት መልክ ነው። ክንዴና እግሬ እንደ ቀጠኑ ሲሆኑ ሆዴ ከምሳ በኋላ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ጉንጬ ሞልቷል፣ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ ምልክት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ገብቶ ይቆያል፣ ሌሊት ደግሞ አንሶላው እስኪርስ ድረስ ያልበኛል። ለወንድሜ ሠርግ ያሰፋሁት የሐበሻ ቀሚስ ዚፑ ወገቤ ላይ ሲደርስ እምቢ አለኝ።

በዚህ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች አንድ ወር ሆናት። «በአንድ ወር ሰው አደርግሻለሁ» ብላ ጠዋት ጠዋት ገንፎ ታገነፋለች፤ መሐሉን በማንኪያው ጀርባ ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውን ስትሞላው እያየሁ ፍቅሯ ይገባኛል፣ ግን ጉሮሮዬ ይዘጋል። ባለሙያዋ የምትለው «ቀስ በቀስ» ለእሷ የፈረንጅ ቸልተኝነት ነው። ባለፈው እሑድ ደግሞ ሊጠይቁን የመጡ ሰዎች «ተመችቶሻል፣ ፊትሽ ሞላ ብሏል!» አሉኝ። ምርቃት መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን እራቴን መብላት አቃተኝ። ዐቢይ ጾምም እየቀረበ ነው፤ ስለ እሱ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ነርስ ከጎንደር

እኅቴ አደይ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የአንቺ ሕክምና ሌላ፣ የእኛ ሌላ መሆኑን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ የእናትሽን ጥያቄ ግን በየቀኑ እሰማዋለሁ። አጥንቱ የወጣ ሕፃን ይዘው የሚመጡ እናቶች በየሦስት ሰዓቱ የምንሰጠውን ወተት በሲኒ ለክተን ስናቀርብላቸው «ይህን ያህል ከስቶ በዚህች ብቻ?» ይሉናል። ያ ኤፍ 75 የሚባል ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ እንዲይዝ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ሕፃኑ ሲረጋጋና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ነው ኃይሉ ከፍ ወዳለው ኤፍ 100 ወተት ወይም ሁላችንም ወደምናውቀው የለውዝ ምግብ ፕላምፒ ነት የምናሻግረው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት የፎስፌት፣ የፖታሲየምና የማግኒዚየም ክምችቱ ይመናመናል። ብዙ ምግብ ድንገት ሲገባ ኢንሱሊን ይነሣና የቀረውን ማዕድን ከደም ወደ ሴሎች ይስበዋል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲያሽቆለቁል የልብ ምት ሊዛባ፣ አልፎም ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ሪፊዲንግ ሲንድሮም ይሉታል። ስለዚህ ጅማሬው ላይ ዝግ ማለት ስስት አይደለም።

ነገር ግን ይህን ሰምተሽ «እንግዲያውስ ትንሽ መብላት ነው የሚሻለኝ» እንዳትዪ እፈራለሁ። ያ አደጋ በይበልጥ የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው፤ አንቺ ወራት አልፎሻል። አሁን «ቀስ በቀስ» ማለት ባለሙያዋ የጻፈችልሽን ሁሉ፣ ሳታጎድዪ፣ በሰዓቱ መብላት ማለት ነው። የሌሊቱ ላብም ብዙ የሚያገግሙ ሰዎች የሚናገሩት ነገር ነው፤ ተዳፍኖ የነበረው ሰውነት ምግብ ሲያገኝ ምድጃው ይነድዳል፣ ሙቀት ያወጣል፣ በዚህ ምክንያት ከጠበቅሽው በላይ ምግብ ሊጠይቅ ይችላል። ቢሆንም ላቡንም ሆነ እብጠቱን ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትቅሪ። እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ልብሽ ያለ ምክንያት በኃይል ከመታ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ትርፍ ስፌት

እኔ ይህን መንገድ ከጨረስኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ኪሎ አልጠቅስም፤ በእኛ መካከል ቁጥር መጠቀስ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሆድሽ ልንገርሽ። የተራበ ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፈው በዝግታ ስለሆነ ትንሽ ምግብ እንኳ ይወጥራል፤ ይህ አዘውትሮ በመብላት እንጂ ምግብ በመዝለል አይሻልም። ደግሞ ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያስቀምጠው ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት በእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚገባ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚዛኑ ላይ የሚታየው ጭማሪ ብዙው ስብ አይደለም። ስቡም ቢሆን ሲመለስ እኩል ተከፋፍሎ አይመለስም። በአዋቂ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት መጀመሪያ ወደ ወገብና ሆድ አካባቢ ያደላል፤ ክብደቱ ተጠብቆ አንድ ዓመት ገደማ ሲቆይ ግን ወደ ቀረው አካል ይሰራጫል። ሰዎች የሚወድቁት በዚህ መሐል ላይ ነው። «ሆዴ ብቻ ነው የወፈረው» ብለው መልሰው መቀነስ ሲጀምሩ ስርጭቱ ሳይደርስ ይቀራል። እኔ ሁለት ጊዜ እዚያ ላይ ተመልሻለሁ።

ያረጋጋኝ አንድ የቆየ ሙከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ በጀመረው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ አንሰል ኪዝ የተባሉት ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ረሃብ አቆይተዋቸው፣ ክብደታቸው በሩብ ያህል ወርዶ ነበር። የእነዚያ ሰዎች እግር አብጧል፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆኗል፤ ምግብ ሲመለስላቸው ስባቸው ከጡንቻቸው ቀድሞ ተመለሰ፣ ከቀድሞውም አልፎ ሄዶ ኋላ ላይ ረጋ። እኛን የመሰለ የመልክ ጭንቀት ኖሯቸው አልነበረም ወደ ሙከራው የገቡት፤ ሰውነታቸው ግን ያደረገው ያንኑ ነው። እኔም ያኔ ነው የራሴን ሆድ እንደ ጥፋተኛ ማየት የተውኩት።

ቀሚሱን በተመለከተ፣ ሽሮ ሜዳ ያሰፋሁትን የራሴን ቀሚስ ለሰፊዋ መልሼ ወስጄላት ነበር። ገልብጣ አሳየችኝ፤ በጎንና በጎን ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተሰፍቶበታል። «ሴት ልጅ ትወልዳለች፣ ትወፍራለች ብለን ነው የምንተወው» አለችኝና ስፌቱን ተርትራ በግማሽ ቀን መለሰችልኝ። ያንቺንም ገልብጪና እዪው። ከዚያ በፊት ግን ዚፑን በየጠዋቱ መሞከር አቁሚ፤ እሱ ሌላ ዓይነት ሚዛን ነው።

የሦስት ልጆች እናት

ልጄ፣ እኔም ልጄን በጉርሻ ላድናት የሞከርኩ እናት ነኝና ስለ እናትሽ ልናገር። በእኛ አገር ልጅ አልበላም ካለ እናት ጥፋተኛ ናት፤ ከስተሽ ስታይሽ የምትሰማው ረሃብሽን ሳይሆን የራሷን ውድቀት ነው። ስለዚህ «ተይኝ» ስትያት አይገባትም። ሥራ ስጫት። የእኔ ልጅ ባለሙያዋን አገናኝታኝ፣ የምግብ ዕቅዱን በአማርኛ አስተርጉማ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችልኝ። ከዚያ በኋላ የእኔ ድርሻ የተጻፈውን ያህል ሰሐን ላይ አድርጌ አብሬያት መቀመጥና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ሆነ። ገንፎው ይቅር አልልም፤ ገንፎ በዕቅዱ ውስጥ በልኩ ሊገባ ይችላል። ልኩን ግን እኔ አልወስንም።

እንግዶቹንም እኔው በር ላይ እየተቀበልኩ «ስለ መልኳ አታንሡ፣ ስለ ሥራዋ ጠይቋት» እል ነበር። አንዳንዶቹ ተቀየሙ፤ ይቀየሙ።

ስለ ጾሙ፣ ሳትወስኚ በፊት ለነፍስ አባትሽ ሕመምሽን በስሙ ንገሪያቸው። «ትንሽ አሞኛል» ካልሻቸው «በርቺ» ሊሉሽ ይችላሉ። የእኛ አባት ሐኪሟ ያለውን ከሰሙ በኋላ ለሕመምተኛ ጾም እንደማይጸናባት ነግረዋት፣ በምትኩ የሚነበብ ጸሎት ሰጧት። ልጄ ከጊዜ በኋላ የነገረችኝን ልጨምር፤ በሕመሟ ዓመታት ጾም ትወድ የነበረው ማንም «ለምን አልበላሽም» ስለማይላት ነበር።

አደይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ጾም የተጻፈው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የእኔ ነው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሐሙስ ቀጠሮ ስላለኝ ቁርጭምጭሚቴን አሳያለሁ፣ ላቡንም እነግራታለሁ፣ እናቴንም ይዣት እሄዳለሁ።

የነርሷን መልስ ለእናቴ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ያን ሕፃን ወተቱን የሚሰጡት በየሦስት ሰዓቱ ነው? ሌሊትም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሊትም ይመስለኛል አልኳት። «እንግዲያው መጠበቁም ሥራ ነው» አለችና የነገውን የቁርስ ሰዓት ጠየቀችኝ። ቀሚሱንም ገልብጣ አየችው፤ ትርፍ ስፌት አለው።