ጥቆማ ፍለጋ፦ የጌም ሌቨል ዲዛይን መለማመጃ ለደሴ ሰው

ጠያቂው፣ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ኮድ መጻፍ ብዙም አያስቸግረኝም፤ የሚያቅተኝ ተጫዋቹ የሚንቀሳቀስበትን ስፍራ መሥራት ነው። የምሠራቸው ሌቨሎች አንድም ባዶ ሜዳ፣ አንድም መውጫው የማይታወቅ ክፍል ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ የምፈልገው ገለጻ ሳይሆን «ይህን ገደብ ጠብቀህ ይህን ሥራ» የሚል የልምምድ ፈተና ነው። ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ ማሠልጠኛ ልመዝገብ፣ እንደ ሉዱም ዳሬ ባለ የጌም ጃም (በተወሰነ አጭር ጊዜ ጌም ሠርቶ የማቅረብ ዝግጅት) ልሳተፍ ወይስ ብቻዬን ጎዶት በተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ልለማመድ? ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ ዳታም እንደምታውቁት ውድ ነው። የሞከራችሁ ብታነጻጽሩልኝ ደስ ይለኛል።

የቧንቧ ውሃ ነዋሪ
ማሠልጠኛ የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ይተዉት። እኔ «የጌም ዴቨሎፕመንት ሥልጠና» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ሙሉውን ክፍያ በቅድሚያ ከፈልኩ። የተማርነው ግን ወርድ፣ ኤክሴል፣ ከዚያም በፎቶሾፕ የሠርግ ጥሪ ማዘጋጀት ነበር። ስለ ሌቨል ዲዛይን ስጠይቅ አሠልጣኙ «መጀመሪያ ገጸ ባሕሪው ይሠራ» አለኝ፤ ገጸ ባሕሪውም ሳይሠራ ሥልጠናው አለቀ። ገንዘቤን ብጠይቅ በወርቃማ ቀለም የታተመ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ።

ከሐይቅ
የትኛው ማሠልጠኛ እንደሆነ ቢነግሩን ሌላው ሰው ይጠነቀቅ ነበር።

የቧንቧ ውሃ ነዋሪ
ዘመድ ስለሚሠራበት ስሙን አልጠራም። ነገር ግን ደረጃውን ወጥታችሁ በስተግራ ብትታጠፉ አታጡትም።

ታዛቢ
የምስክር ወረቀቱን አይጣሉት። ሌቨል ውስጥ በግድግዳነት ቢያቆሙት ቢያንስ የወርቅ ቀለም ያለው ቴክስቸር (የግድግዳ ልባስ ምስል) ያገኛሉ።

ከሸዋ በር
ወንድሜ፣ ዋናው ነገር ኮምፒውተሩ ነው። እኔ ዕቃ የምገዛበት ሸዋ በር ያለ አንድ ቤት አለ፤ ባለቤቱ ሐቀኛ ነው፤ ያገለገለ ላፕቶፕ በዋስትና ይሰጣል። ስምንት ጊጋ ራም ይጨምሩበትና ከዚያ በኋላ ስለ ሌቨል ማሰብ ይችላሉ።

ከሐይቅ
ጥያቄው እኮ ስለ ልምምድ ነው እንጂ ስለ ራም አልነበረም። እኔም ከዚያው ቤት ቻርጀር ገዝቼ ሳምንት ሳይሞላው ተቃጥሏል።

ከሸዋ በር
መብራት ሲመጣና ሲሄድ የተቃጠለ ቻርጀር የሻጩ ጥፋት አይደለም። እኔ በዚያ ቤት ላይ ክፉ ቃል አልሰማም።

ከኮምቦልቻ
አብሽር ወንድሜ፣ ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ከሌሎቹ የጌም መሥሪያ ፕሮግራሞች አንሪል ለመጫን ብቻ በአሥራዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ዩኒቲም ብዙ ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ባለህ ኮምፒውተርና ዳታ ሁለቱንም ተዋቸው። ጎዶት ነጻ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮም ኮዱ ክፍት ነው፤ የሚወርደው አንድ ትንሽ የታመቀ ፋይል ብቻ ሲሆን ሳይጫን ይከፈታል። ሆኖም በጎዶት ስትጀምር እንቅስቃሴውን፣ ካሜራውንና ጠላቱን ሁሉ ራስህ መሥራት አለብህ፤ አንተ ደግሞ የጎደለህ እርሱ አይደለም። ስለዚህ እኔ የምመክርህ አልቆ ለተሠራ ጌም ካርታ መሥራትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ለወጣው ዱም ለተባለ የተኩስ ጌም ካርታ (ማለትም ሌቨል) መሥራት እስካሁን አልቆመም። ፍሪዱም የሚባለው ነጻ ስሪት አለልህ፤ ካርታውን ደግሞ ስሌድ በተባለ ነጻ ፕሮግራም ትሠራለህ።

ፈተናውም የተዘጋጀ ነው፤ የዱም ካርታ ሠሪዎች መላውን ካርታ በ1024 በ1024 አሃድ (የጌሙ የርዝመት መለኪያ) ውስጥ አጥሮ የመሥራት የቆየ ልማድ አላቸው። ተጫዋቹ 32 አሃድ ስፋትና 56 አሃድ ቁመት አለው፤ ከ24 አሃድ በላይ ከፍታ ያለው ደረጃ መውጣት አይችልም። እነዚህን ቁጥሮች ስታውቅ የኮሪደር ስፋትና የመስኮት ከፍታ በግምት የሚሠራ ነገር መሆኑ ይቀራል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ፣ በሌላ በርና በሌላ ከፍታ፣ እንድትጠቀምበት ትገደዳለህ። እኔ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላየሁም።

ሁለተኛው ፈተና ያለ አንዲት የጽሑፍ መመሪያ ማስተማር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን የሱፐር ማሪዮ ብሮስ የመጀመሪያ ሌቨል ተመልከት፤ በመጀመሪያ በሁለት መወጣጫዎች መካከል ወለል ያለበትን ዝላይ ይሰጥሃል፣ ብትወድቅም አትሞትም፤ ትንሽ አለፍ ብሎ ያንኑ ቅርጽ ከሥሩ ጉድጓድ አድርጎ ይመልሰዋል። አንድ መሰናክል ምረጥና መጀመሪያ በማይጎዳበት፣ ቀጥሎ በሚጎዳበት፣ በመጨረሻም ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ በሚመጣበት ሁኔታ ሥራው። ከዚያ ታናሽህን አስቀምጠህ አጫውተው፤ አንተ ግን አፍህን ያዝ። «በግራ በኩል ሂድ» ያልክበት ቦታ ሁሉ እንደገና የሚሠራ ነው።

ታዛቢ
ታናሾቻችን ከፎርትናይት ተነስተው በ1993 ጌም ይቀመጣሉ ብለው ማመንዎ በራሱ ፈተና ነው።

ከወልዲያ
የዱሙን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ጃሙን ግን እንዲሁ አትለፉት። ሉዱም ዳሬ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን ብቻውን የሚሠራ ሰው 48 ሰዓት፣ በቡድን የሚሠራ 72 ሰዓት ይሰጠዋል። ጥቅሙ ሥራውን መጨረስ ማስለመዱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ጊዜው በሜኑና በስህተት እርማት ተበልቶ ለሌቨሉ የመጨረሻው ሌሊት ብቻ መትረፉ ነው፤ እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ያም አይተርፍም።

ከአገራችን ደግሞ አንድ ልጨምር። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሲያዩት መስቀሉ ያለበት ጣሪያ ከቆሙበት መሬት እኩል ነው። ለመግባት ግን ወደ ተፈለፈለው መተላለፊያ ይወርዳሉ፤ ሕንጻው ከዓይን ይሰወራል፤ ከዚያም ከበሩ ፊት በሙሉ ቁመቱ ይገጥምዎታል። መድረሻን አሳይቶ፣ ሰውሮ፣ በሌላ አቅጣጫ መግለጥን በግራጫ ሳጥኖች ብቻ፣ ያለ ቀለምና ያለ ጌጥ፣ ሠርተው ይሞክሩ።

ከኮምቦልቻ
ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለትም እንደዚያው ነው። ሆኖም እውነተኛ ቦታን በልኩ መቅዳት አይመከርም፤ በጌም ካሜራ ሲታይ ክፍሉ ይጠብባል፣ መንገዱ ይረዝማል። የሚወሰደው የእይታው ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

የቧንቧ ውሃ ነዋሪ
ይህን ሁሉ በነጻ የሚነግር ሰው እያለ እኔ ለኤክሴል መክፈሌ ያንገበግበኛል። ለመሆኑ አሁንም ገንዘቤን የማስመልስበት ሕጋዊ መንገድ ይኖር ይሆን?

ከሐይቅ
ደረሰኝ ተቀብለው ከሆነ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ያቅርቡ። ማስታወቂያውን ፎቶ አንስተው ቢሆን ይበልጥ ይረዳዎታል።

ጠያቂው፣ ከደሴ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጥቆማዎቹን ሁሉ ጽፌ ይዣለሁ። የሸዋ በሩ ላፕቶፕ ቤት እሑድ ይከፈታል?

ከሸዋ በር
እሑድ ከሰዓት በኋላ ይከፍታል። እኔ እንደላክሁዎት ይንገሩት፤ ቻርጀሩንም እዚያው ሰክተው ይሞክሩት።