የደርሶ መልስ ጉዞ አማካይ ፍጥነት ለምን 50 አይሆንም?

ጥያቄ፦
የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ይዛ መጣች። መኪናው 120 ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ ከተማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ በዚያው መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢመለስ፣ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? 60 እና 40 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 50 ይሆናሉ፤ የተሰጠው መልስ ግን 48 ነው። ከቀመሩ ይልቅ ምክንያቱን ላስረዳት ስለምፈልግ፣ የምታውቁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
አማካይ ፍጥነት የሚገኘው ጠቅላላው ርቀት ለጠቅላላው ጊዜ ሲካፈል ነው። መኪናው ሲሄድ 2 ሰዓት፣ ሲመለስ 3 ሰዓት ስለፈጀበት፣ 240 ኪሎ ሜትር ለ5 ሰዓት ሲካፈል 48 ይሆናል። በዝግታ የተጓዘበት ጊዜ ስለሚበልጥ ውጤቱ ወደ 40 ያደላል፤ 50 ትክክል የሚሆነው በሁለቱም ፍጥነቶች ለእኩል ጊዜ ቢጓዝ ነበር። ልጅዎ ርቀቱን 60 ወይም 300 አድርጋ ደግማ ብትሠራው፣ መልሱ አሁንም 48 ሆኖ ስታገኘው፣ ርቀቱ ባይሰጥም ጥያቄው እንደሚሠራ ራሷ ትደርስበታለች።

መልስ 2፦
ነገሩን በደንብ የሚያሳያት ሌላ ጥያቄ ልጨምር። በዚያው መንገድ መኪናው ሲሄድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ የደርሶ መልሱ አማካይ 80 እንዲሆን በምን ፍጥነት መመለስ አለበት? 120 የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ሆኖም 240 ኪሎ ሜትር በአማካይ 80 ለመጓዝ የሚያስፈልገው 3 ሰዓት ሲሆን፣ ይህ ጊዜ በመሄጃው ብቻ አልቋል፤ ስለዚህ የቱንም ያህል ቢፈጥን አይደርስበትም። ይህን ጥያቄ ከማንኛውም ቀመር አስቀድሜ ባስተምረው እመርጣለሁ።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ሾፌሩ ከተማው ውስጥ 1 ሰዓት ቢያርፍስ?

መልስ 1፦
የተጠየቀው የመላው ጉዞ ከሆነ ዕረፍቱም ይቆጠራል፤ 240 ለ6 ተካፍሎ 40 ይሆናል።

መልስ 3፦
ጥያቄው ስለ ፍጥነት ነው ወይስ አቅጣጫን ስለሚጨምረውና ከመነሻ እስከ መድረሻ ባለው ቀጥታ ርቀት ስለሚሰላው ቬሎሲቲ የሚለውንም አስቀድማ ትለይ። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲሮጥ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.34 ሜትር ገደማ ነበር። በ400 ሜትር መም 25 ዙር ሮጦ የጨረሰው ከተነሣበት መስመር ላይ ስለሆነ ግን አማካይ ቬሎሲቲው ዜሮ ነው። የእናንተ መኪናም ወደ መነሻው ስለተመለሰ እንዲሁ ዜሮ ይሆናል።